ጂራ ነጭ አዝሙድ አይደለም፤ እኔ በጨጓራዬ ተምሬዋለሁ

እህቴ፣ «ሕንድ ለትምህርት መጥቼ የግቢው ምግብ ሆዴን ነፋኝ፤ አከራዬ ጂራ አፍልተሽ ጠጪ አለችኝ። ጂራ የኛው ነጭ አዝሙድ ነው አይደል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም! ይህን በጊዜው የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ወር ባልተቃጠልኩ።

1. የቅመም ስም በእንግሊዝኛ እየተረጎምሽ አትግዢ። ጂራ ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድን እነሱ አጅዋይን ይሉታል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ካሎንጂ ነው፤ «ካላ ጂራ»፣ ማለትም «ጥቁር ጂራ»፣ ካልሽ ሌላ ዘር ይቋጥሩልሻል። ከተጠራጠርሽ መዳፍሽ ላይ ጥቂት አድርገሽ በጣትሽ ፈትጊው። ከሙን ቀጭን፣ ረዘም ያለ ነው። አጅዋይን ደቃቅ ነው፣ ሽታውም ጦስኝ ጦስኝ ይላል። አጅዋይንም ጦስኝም ውስጥ ታይሞል የሚባል ነገር ስላለ ነው።

2. በባዶ ሆድ አትጀምሪ። እኔ ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ እያለሁ እናቴ የቋጠረችልኝ ነጭ አዝሙድ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። እያለኝ ለምን እገዛለሁ ብዬ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ አፍልቼ እጋት ጀመር። የመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ቀለለኝ፤ ንፋስ በማውጣት አይታማም። በሦስተኛው ሳምንት ግን እስከ ደረቴ እሳት ሆነ። ለካ ጨጓራዬን ከአዲስ አበባ ይዤው ነው የመጣሁት።

ሮጬ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ፎርም ወረወረችልኝ፣ አርባ ደቂቃ አቆመችኝ። ሐኪሙ ሆዴን እንኳ ሳይነካ አራት ዓይነት ቹርና፣ ማለትም ዱቄት፣ ጻፈልኝ። የሚሸጠውም እዚያው መስኮት ላይ ነው። 4,200 ሩፒ! የቤት ኪራዬ ግማሽ። ቤት ስደርስ አየሁት፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚል አንድ መስመር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ኢንተርኔት ላይ ከተሸጡ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳገኘ አንብቤ ስለነበር አልነካሁትም። ገንዘቤን መልሱ ብላቸው ሳቁብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

3. የመንግሥት የአዩርቬዳ ኮሌጅ ሆስፒታል ሂጂ። እኔን ያዩኝ ሽማግሌ «የምትጠጣውን አምጣ» አሉኝ። ዘሩን በሁለት ጣታቸው ፈትገው አሸተቱና «ይሄ አጅዋይን ነው። ፒታህ ነዶ ሳለ እሳት ላይ ቅቤ ታፈሳለህ?» አሉኝ። በነሱ ትምህርት ምግብ የሚፈጨው አግኒ በሚሉት እሳት ነው። ቫታ፣ ማለትም ንፋስ፣ ወይም ካፋ፣ ማለትም ክብደትና አክታ፣ ለበዛበት ሰው አጅዋይንና ዝንጅብል ይሰጣሉ። ፒታ፣ ማለትም ሙቀትና ሐሞት፣ ለበዛበት፣ እንደ እኔ ለሚቃጠል፣ ድንብላልና እንስላል ነው፤ እንስላሉን ሱቅ ላይ ሶንፍ በዪው። ከሙን፣ ድንብላልና ሶንፍ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሊትር ውሃ ውስጥ አፍልቼ ከምግብ በኋላ እጠጣለሁ።

ሰውዬውን የማከብራቸው ግን በሻዩ አይደለም። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ አድርግ ብለው ላኩኝ፣ ተገኘብኝ፣ 14 ቀን ኪኒን ዋጥኩ። ቃጠሎውን ያጠፋው ኪኒኑ ነው፣ መነፋቱን ያቀለለው ሻዩ። አንቺም ሆድሽ ከመነፋት አልፎ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ምርመራውን አስቀድሚ።

እስከዚያ የያዝሽውን ዘር ፎቶ አንስተሽ ለጥፊው። አሁን በዓይን ብቻ እለየዋለሁ።