ፓምን ነካክቼ ኮምፒውተሩ አላስገባም አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቢሯችን ውስጥ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነባቸው 14 ኮምፒውተሮች አሉ። ሠራተኛው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የመሥሪያ ቤቱን ተጠቃሚዎች በአንድ ቦታ በሚይዘው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ስሙና ፓስወርዱ እንዲገባባቸው ብዬ የፓም (ሊኑክስ ላይ የሚገባውን ሰው የሚያጣራው ክፍል) ፋይሎችን በእጄ ቀየርኩ። አሁን የመጀመሪያው ኮምፒውተር ማንንም አያስገባም፣ እኔንም ጭምር። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞህ፣ ዳታው አልተነካም። ኮምፒውተሩን በሪከቨሪ ሞድ (ለጥገና በሚያገለግለው አነሳስ) አስነሳና የሩት ሼል፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለውን የትእዛዝ መጻፊያ፣ ክፈት። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ስለሚጠብቅህ መጀመሪያ መጻፍ እንዲፈቅድ አድርገህ እንደገና ማውንት አድርገው (ከሲስተሙ ጋር አያይዘው)። ከዚያ የፓምን ፋይሎች የሚያዘጋጀውን «ፓም-ኦዝ-አፕዴት»ን «ፎርስ» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪደው። ስማቸው በ«ኮመን» በሚጀምሩት የፓም ፋይሎች ውስጥ አንተ የጻፍከውን ሰርዞ የኡቡንቱን ይመልሳል።

የቀሩትን 13 ግን እባክህ በእጅህ አትንካ። ሪያልምዲ የሚባለው ፕሮግራም የተሠራው ለዚሁ ነው። በመጀመሪያ «ሪያልም ዲስከቨር» በልና የዶሜይኑን (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚተዳደረውን የቢሮ ኔትወርክ) ስም ስጠው። ዶሜይኑን የሚፈልገው በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው አገልግሎት) ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራውተሩን ሳይሆን የዶሜይን ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው እዚህች ጋ ነው። ካገኘው «ሪያልም ጆይን» በቂ ነው። ኮምፒውተሩን ያስመዘግባል፣ የተጠቃሚዎችን መግቢያ ከዶሜይኑ የሚያጣራውን ኤስኤስኤስዲንም ራሱ ያዋቅራል። ኤስኤስኤስዲ አንዴ የገባን ሰው ስለሚያስታውስ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳን ሥራ አይቆምም።

ከሁሉም በላይ ሰዓቱን እይ። ኬርቤሮስ (አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ) በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ካገኘ በሩን ይዘጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የኮምፒውተሩንም ሰዓት 2 የሚያደርግ ሰው አለ፤ ያ እንግዲህ የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ሰዓቱን የሚያቆየው የሲሞስ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተርም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ሠራተኛው ፓስወርዱን አሥሬ ይጽፋል፣ ትክክል ነው፣ ግን አይገባም፤ ከዚያ ጥፋቱ በፓስወርዱ ይሳበባል። ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫንና ሰዓቱን ከዶሜይን ሰርቨሩ እንዲወስድ አድርግ።

ኡቡንቱ ላይ የዶሜይን ተጠቃሚው የሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቹ ማስቀመጫ) በራሱ አይፈጠርም። «ፓም-ኦዝ-አፕዴት» ውስጥ ይህን ፎልደር የሚፈጥረውን «ኤምኬሆምዲር»ን አብራው። የመግቢያ ስሙም መጀመሪያ ላይ ከነዶሜይኑ ነው የሚጻፈው፣ ለሠራተኞቹ ቀድመህ ንገራቸው።

ስትሞክር በሩት የገባህበትን አንድ ተርሚናል ክፍት ተወው። አዲሱ ሎግኢን በሌላ ተርሚናል ሲሠራ በዓይንህ እስክታይ ድረስ አትዝጋው።