«የኦክ በርሜል ስለሌለኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ባቱ አካባቢ ሩብ ሄክታር የሻርዶኔ (የነጭ ወይን ጠጅ ፍሬ ዝርያ) ወይን አለኝ። ፍሬው እንደ ማር ይጣፍጣል። የጠመቅሁት ነጭ የወይን ጠጅ ግን ለዛ የለውም፤ በሁለት ወሩም ቡናማ ሆነ። የኦክ በርሜል ስለሌለኝ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ለዛ ያሳጣው የአሲድ ማነስ ነው። በርሜል የቫኒላና የጭስ ጠረን ይጨምራል እንጂ የጎደለ አሲድ አይመልስም። በፈረንሳይ ሻብሊ አብዛኛው ሻርዶኔ የሚጠመቀው በብረት ታንክ ነው፤ እዚያ ግን ብርዱ የፍሬውን ጎምዛዛነት ይጠብቅለታል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ፍሬው ሲበስል ማሊክ አሲዱ (ጎምዛዛ የሚያደርገው አሲድ) በፍጥነት ይቃጠላል። «እንደ ማር» ያሉት ጣዕም ራሱ ዘግይተው እንደለቀሙ ይጠቁማል።

ከሁሉ በፊት የግረዛ (የሐረግ ቆረጣ) ጊዜዎን ይመልከቱ። ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ቢገርዙ ፍሬው ከአራት እስከ አምስት ወር ውስጥ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይደርሳል። ታኅሣሥ ላይ ከገረዙ ግን የሚበስለው በሚያዝያ ሙቀት ነው፤ የበልግ ዝናብ ከመጣም ዘለላው ይበሰብሳል። ዘለላው አካባቢ ቅጠል የሚያራግፉት በምሥራቅ በኩል ብቻ ይሁን። የምዕራቡን ከነጠቁት የከሰዓቱ ፀሐይ ፍሬውን ይጠብሰዋል።

አመድ ማሳው ላይ አይበትኑ። አፈሩ ብዙ ቦታ ላይ ድሮም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ አመድ ያንን ያባብሳል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ደግሞ ፍሬው ውስጥ ገብቶ የጭማቂውን ፒኤች (ሲጨምር አሲድነት መቀነሱን የሚያሳይ ልኬት) ያንራል።

ፍሬው መለስለስ ሲጀምር በየሦስት ቀኑ ከተለያዩ ሐረጎች፣ ከፀሐይም ከጥላም በኩል፣ 100 ፍሬ ሰብስበው ይጭመቁና ስኳሩን በሪፍራክቶሜትር (በስኳር መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ። ያለ በርሜል ለሚጠመቅ ከ20 እስከ 21.5 ብሪክስ (የስኳር መጠን መለኪያ)፣ ፒኤች ከ3.2 እስከ 3.3 ጥሩ ነው። መሣሪያ ከሌለዎት ፍሬዋን በሁለት ጣት ይጫኑ፦ ዘሯ ቡናማ ሆኖ ከሥጋው በቀላሉ ከተላቀቀና ጭማቂዋ ምላስን አሁንም ቆንጠጥ ካደረገ ጊዜው ደርሷል። ዘሯ አረንጓዴ ከሆነ ይታገሱ።

ወይን ጠጁን ቡናማ ያደረገው አየር ነው። ጎህ ሲቀድ ጀምረው ፀሐይ ሳይከር ይልቀሙ፤ ሣጥኑ ከ15 ኪሎ አይብለጥ፣ አለዚያ የታችኛው ፍሬ ፈርጦ ጭማቂው ገና መንገድ ላይ አየር ይነካዋል። እንደደረሰ ይጭመቁ። ለ100 ሊትር ጭማቂ 8 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (አየር እንዳያበላሸው የሚከላከል ዱቄት) በጥቂት ውሃ አሟሙተው ይጨምሩ፤ ዱቄቱን ሲመዝኑ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ አስም ያለበት ሰው አይቅረበው። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ አስጠልለው ከላይ የጠለለውን ብቻ ያዛውሩ። እርሾ ከጨመሩ በኋላ ሙቀቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን መዓዛው ይቆያል። መፍላቱ ሲያበቃ ከአተላው ለይተው ያንኑ መጠን ይድገሙና ዕቃውን እስከ አፉ ይሙሉት። በግማሽ ጄሪካን ማስቀመጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ፕላስቲኩ ራሱ ሙሉ ቢሆንም ቀስ በቀስ አየር ያስገባል።

ለፓውደሪ ሚልዲው (ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ዱቄት ለሚመስል የሻጋታ በሽታ) ድኝ የሚረጩ ከሆነ ከለቀማው ስድስት ሳምንት አስቀድመው ያቁሙ። ፍሬው ላይ የቀረ ድኝ በመፍላት ጊዜ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያመጣል፤ በብረት ታንክ የተጠመቀ ነጭ ወይን ላይ ያ ሽታ ወዲያው ይታወቃል።