አርካንሳስ ወንዝ ላይ ልትቀዝፉ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወገኖች ከሮኪ ተራሮች ስለሚወርደው አርካንሳስ ወንዝ ጠይቃችሁኛል። ዘጠኝ ሰመር ቀዝፌበታለሁ፤ እስኪ አንድ በአንድ እንየው።

ጥያቄ፦ ለጁን አጋማሽ ከሥራ የዕረፍት ፈቃድ ልሞላ ነው። ጥሩ ጊዜ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈቃዱን ከመሙላትህ በፊት ውሃውን እይ። ይህን ወንዝ የሚሞላው ከሁሉ በላይ የሚቀልጠው በረዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጁን ላይ ጣራ ይነካል፤ ግን በረዶ የበዛበትና ያነሰበት ዓመት አይገናኙም። አምና ለጀማሪ የተመቸው ቦታ ዘንድሮ በዚያው ቀን ሰው ሊያጠፋ ይችላል። ዌልስቪልና ፓርክዴል ላይ ያሉት የመንግሥት መለኪያዎች የውሃውን መጠን በየዕለቱ ያሳያሉ። ሮያል ጎርጅ የተባለው ጠባብ ገደል ላይ በሰከንድ 3,200 ኪዩቢክ ጫማ (90 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ) ካለፈ አስጎብኚዎችም እንዳይገቡ ይመከራል። ከጁላይ 1 እስከ ኦገስት 15 ግን፣ ውሃ እስካለ ድረስ፣ ከላይ ካሉት ግድቦች እየተለቀቀ በሰከንድ 700 ኪዩቢክ ጫማ አካባቢ እንዲቆይ ይደረጋል። ለመጀመሪያ ጊዜህ ከሆነ ጁላይ መጨረሻን ያዝ።

ጥያቄ፦ የትኛው ክፍል ይሻለናል?

መልስ፦ ብራውንስ ካንየን። የውሃው አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ደረጃው 3 ነው። ሮያል ጎርጅ 4 እና 5 ስለሆነ ለከርሞ ይቆያችሁ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ልምጣ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ ላይፍ ጃኬቱ ያንሳፍፍሻል፤ እኔን የሚያስፈራኝ መቆም ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ከራፍቱ፣ በአየር ከሚነፋው ጀልባ፣ ወደቅሁ። ውሃው ጉልበቴ ድረስ ብቻ መስሎኝ ልቆም ስል የቀኝ ጫማዬ በሁለት ድንጋይ መሃል ገባ። ወንዙ ከኋላ ሲገፋኝ ደረቴ ወደ ፊት ተደፋ፤ አፌ ውሃ ሞላ። ጫማው ወልቆ ቀረና ተረፍኩ። ጫማው ባይወልቅ ኖሮ በዚያች ጥልቀት እሰጥም ነበር። ስለዚህ ከወደቅሽ በጀርባሽ ተንጋለዪ፣ እግርሽን ወደ ታችኛው ውሃ አቅንተሽ ጣቶችሽ ከውሃው በላይ ይታዩ፤ ውሃው ረጋ ያለበት ቦታ እስክትደርሺ አትቁሚ። የወደቀ ዛፍ ፊትሽ ከመጣ ግን ገልበጥ በይና በደረትሽ ዋኝተሽ ሽሺ፤ ካልቻልሽ ግንዱ ላይ ውጪ። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም።

ጥያቄ፦ የሰኔ ጾም ላይ ነኝ። ባዶ ሆድ ይቻላል?

መልስ፦ የበረዶ ውሃ ጉልበት ይበላል። የሰዓቱን ነገር ንስሐ አባትህን ጠይቅ። ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የግማሽ ቀን ጉዞ ብትይዝ ቀድመህ በሶ መበጥበጥ ትችላለህ፤ ለእኔ ከበሶ የተሻለ ስንቅ የለም።

ጥያቄ፦ ልብስስ?

መልስ፦ ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሰውነትን የሚያሞቅ ልብስ) እና ሄልሜት ከአስጎብኚው። ጥጥ አትልበሱ።

ጥያቄ፦ ለምን አባይ ላይ አንቀዝፍም?

መልስ፦ ይህ የኔም ህልም ነው። በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞች ቡድን ሸለቆውን ሲወርድ አንድ አባሉን ውሃ በልቶታል። ስካቱሮና ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ በ2004 ሜዲትራኒያን ድረስ ዘልቀዋል። ሮያል ጎርጅ ውስጥ አደጋ ቢደርስ ከወንዙ ጎን የባቡር ሐዲድ አለ። አባይ በረሃ ውስጥ ገደሉን ወጥቶ መንገድ ላይ መድረስ ብቻ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ አዞም አለ። እዚህ ሮያል ጎርጅን ደጋግሞ የወረደ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ስለ አባይ ቁጭ ብለን እንነጋገር።