አደባባዩን የሚቆልፈው ማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አደባባይ የተጻፉ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ታክሲ ነድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ በማሠልጠኛ መኪና ውስጥ ከተማሪ ጎን ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰውን እንደ አደባባይ የሚያስፈራና የሚያጣላ የመንገድ ክፍል አላየሁም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ነርስ ነኝ፤ ከአያት ወደ ሥራ ስሄድ በሁለት አደባባዮች አልፋለሁ። አደባባዩ አፍ ላይ ስደርስ ከግራ የሚመጣው መኪና አያልቅም፤ እቆማለሁ። ከኋላ ያሉት ክላክስ ይነፉብኛል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ የታክሲ ረዳት ወርዶ መስኮቴን እያንኳኳ ‹ካልቻልሽ ለምን ትነጃለሽ?› አለኝ። ሥራ ቦታ እስክደርስ አለቀስኩ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?»

ልጄ፣ አይደለሽም። አደባባይ ውስጥ ላለው መኪና ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው፤ በእኛ ሀገር ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ ያ መኪና የሚመጣው ከግራሽ ነው። አንቺ የቆምሽው ሕግ አክብረሽ ነው። መስኮትሽን ያንኳኳው ልጅ ሕጉን አያውቀውም፤ ወይም እያወቀ ችላ ብሎታል። ክላክስ ሰምተሽ የገባሽ ቀን አደጋው የሚጻፈው በአንቺ ስም እንጂ ክላክስ በነፋው ሰው ስም አይደለም።

ሆኖም ቆሞ መጠበቅና ክፍተት ሲመጣ ማለፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ አንቺን የቸገረሽ ሁለተኛው ይመስለኛል። ተማሪዎቼን የማስተምረው እንዲህ ነው። ከአደባባዩ ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀርሽ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ቀስ ብለሽ ቅረቢ፤ ዓይንሽ ገና ከሩቅ በግራ በኩል ይሁን። ከአንቺ መግቢያ በስተግራ ያለውን ቀጣዩን መግቢያ እንደ ምልክት ያዢው። ከዚያ መግቢያ እስከ አንቺ ድረስ ያለው የክቡ ክፍል ባዶ ከሆነና ከምልክቱ ወዲያ ያለውም መኪና እየከነፈ ካልመጣ፣ አራት ወይም አምስት ሰከንድ አለሽ፤ ይበቃሻል። ጎማሽ እየተንከባለለ ከደረስሽ ያን ክፍተት ትጠቀሚበታለሽ። ፈጽሞ ቆመሽ ከሆነ ግን ፍሪሲዮን ለቅቀሽ እስክትነሺ ሁለቱ ሰከንድ ያልፋል። ያስጨነቀሽም ይኸው ነው። በሚመጣው መኪና ፍሬቻ ብቻ አትተማመኚ፤ የፊት ጎማውን ተመልከቺ። ጎማ ወደ ቀኝ ሲዞር ሊወጣ ነው፤ ቀጥ ካለ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝን አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ወደ አደባባዩ ከመግባትሽ በፊት የምትወጪበትን በር ተመልከቺ። መውጫሽ በቆመ መኪና ከተዘጋ ቅድሚያው ያንቺ ቢሆንም አትግቢ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ተቆለፈ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሁሉም ክላክስ ይነፋል። ከለገሃር የመጣው ወደ ሳር ቤት መውጣት አልቻለም፤ ፊቱ የቆመው ወደ ልደታ የሚሄደው ነው። እሱም መንቀሳቀስ አልቻለም። ከኋላ ያለው ደግሞ «ቦታ አገኘሁ» እያለ አፍንጫውን ያስገባል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ አንድ የትራፊክ ፖሊስ የዝናብ ካፖርት ለብሶ መጣ። ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሲያስቆም ወይም ሲያሳልፍ ጊዜ አላጠፋም፤ በቀጥታ ወደ አንዱ መውጫ ሄደ። እዚያ ሦስት ሚኒባሶች በር ከፍተው ተሳፋሪ እየጠሩ ቆመው ነበር፤ መንገዱ ከአፉ የታነቀው በእነሱ ነው። ሦስቱን አስነሣቸው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክቡ መዞር ጀመረ።

ከሦስቱ ሚኒባሶች አንዱ የእኔ ነበር። ከኋላዬ ስንት መቶ ሰው ዝናብ ላይ እንደቆመ አልገባኝም ነበር፤ እኔ የማየው የጎደለኝን ሁለት ወንበር ነው። ከዚያ ማታ ወዲህ መውጫ ላይ ቆሜ አላውቅም። የሚቆም ታክሲ ባየሁ ቁጥርም ያ ዝናብ ይመጣብኛል። ዛሬ የቀላል ባቡሩ መስመር ስለሚያልፍበት ያ አደባባይ ራሱ የለም፤ ነገሩ ግን በሌሎቹ ሁሉ አለ። አደባባይ የሚቆለፈው ከመግቢያው ሳይሆን ከመውጫው ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቼ ወደ ሀገሬ ተመልሻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አደባባዮች እየፈረሱ መብራት ሲተከል አያለሁ። ደግ ሥራ ነው እላለሁ፤ ሁሉም ይፍረሱ። እርስዎስ?»

ወንድሜ፣ በግማሹ እስማማለሁ። እርስዎ በየቀኑ ያለፉበት ዱፖንት ሰርክል መብራት የተተከለበት አደባባይ ነው፤ የኮኔቲከት ጎዳና ቀጥታ ተጓዥ ደግሞ ከሥሩ በዋሻ ያልፋል። ያ ሁሉ የተደረገው መኪናው ከክቡ አቅም በላይ ስለሆነ ነው። የእኛም ትልልቅ አደባባዮች እዚያ ደርሰዋል። በተለይ ጠዋት ጠዋት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎርፍ መኪና ካለ፣ የእሱ ጅረት ስለማይቋረጥ ቀጥሎ ባለው መግቢያ ያሉት ሰዎች ቅድሚያ ሲሰጡ ይውላሉ። ለእንዲህ ያለው ቦታ መብራት ፍትሕ ነው።

«ሁሉም ይፍረሱ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ባለ አራት ማዕዘን ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪኖች ጉዞ የሚጋጭባቸው ነጥቦች 32 ናቸው፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ። ቁጥሩ ብቻም አይደለም። አደባባይ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ፊት ለፊት መላተምና ጎን መምታት ይቀራል፤ ፍጥነቱም ዝቅ ስለሚል የሚጋጨው ይጫራል እንጂ አይገድልም። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር ራሱ እንደሚለው፣ መብራት የነበረበት መስቀለኛ መንገድ ወደ አደባባይ ሲለወጥ ሞትና የአካል ጉዳት የሚያደርሱ አደጋዎች በ78 በመቶ ይቀንሳሉ። እርስዎ በኖሩበት ሀገር ኢንዲያና ውስጥ ካርመል የምትባል ከተማ መብራቶቿን እያነሣች ከ150 በላይ አደባባዮች ሠርታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ኤሌክትሪክ የጠፋ ዕለት መብራቱ ይጨልማል፤ አደባባይ ግን አይጠፋም።

እንግሊዞችም እንደ እኛ ተቸግረው ነበር። አደባባዮቻቸው ይቆለፉ የነበረው የሚገባው ሰው እየተጋፋ ስለሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ገቢው በክቡ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ የሚል ሕግ አወጡ፤ ያው አደባባይ፣ ያው አስፋልት እንደገና ይሠራ ጀመር። ፓሪስ ውስጥ አሥራ ሁለት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ትልቁ አደባባይ ግን ዛሬም ቅድሚያውን የሚሰጠው ለገቢው ነው፤ መሐሉ ላይ መኪና ተኮልኩሎ የሚቆመውም ለዚህ ነው። እኛ በወረቀት የእንግሊዞቹን ሕግ ይዘን በተግባር እንደ ፓሪሱ እንነዳለን። ይህ ሳይታረም አደባባዩን ማፍረስ ብቻውን አያሳርፈንም፤ መብራቱም ሲመጣ አረንጓዴ በርቶልኛል እያለ መስቀለኛው መሐል ገብቶ የሚቆመው ያው ሰው ነው።

«አደባባይ ላይ ፍሬቻ የሚበራው መቼ ነው? ከባለቤቴ ጋር በየቀኑ እንከራከራለን።»

ወደ ቀኝ የመጀመሪያው መውጫ ከሆነ የሚሄዱት፣ ከመግባትዎ በፊት የቀኙን አብርተው በቀኝ መስመር ይግቡ። ቀጥታ ከሆነ ሲገቡ አያብሩ። ወደ ግራ ከሆነ ወይም ዞረው የሚመለሱ ከሆነ በግራ ፍሬቻ በግራው መስመር ይግቡ። ሲወጡ ግን በየትም ይግቡ በየት፣ ከእርስዎ በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፉ የቀኙን ያብሩ። ይህችን የመጨረሻዋን አብዛኛው ሰው ይረሳታል። ያቺ ነርስ መግቢያው ላይ ቆማ የምትጠብቀው እሷን ነው፤ እርስዎ ፍሬቻ ቢያበሩላት ኖሮ ታልፍ ነበር።

«ቃሊቲ በኩል ከአንድ ሲኖትራክ ጋር ጎን ለጎን አደባባይ ስንዞር የቀኝ ጎኔን ከበሩ እስከ ኋላ ፈተገው። እሱ በውጭው መስመር ነበር፤ እኔ በውስጠኛው። አልፎኝ አልገባም፤ ታዲያ እንዴት ነካኝ?»

የኋላ ጎማው ነው። ረጅም መኪና ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን መንገድ አይከተሉም፤ ወደ ክቡ መሐል አሳጥረው ይቆርጣሉ። ተሳቢ ካለው ደግሞ ይብሳል። ሾፌሩ መስመሩን እንደያዘ ነው የሚያምነው፤ የመኪናው ኋላ ግን የእርስዎን መስመር ግማሽ ይወስዳል፤ በቀኝ ስፖኪዮ ሲያይ እርስዎ አይታዩትም፣ በግራም ከጎማው አጠገብ ካሉ አይታዩትም። ስለዚህ አደባባይ ላይ ከጭነት መኪና ጎን አይሁኑ። አሳልፉት፣ ከኋላው ይግቡ። ሲወጣ ደግሞ ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ የሚቆርጠው በቀኝ በኩል ነው፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የምትነዱ በመኪናውና በጠርዙ መሐል ያለችውን ቀዳዳ አትመኟት። ካሳውን በተመለከተ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና የመድን ውልዎን ሳላይ መናገር አልችልም።

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ስድስት ኪሎ አደባባይን በእግሩ ይሻገራል። መኪኖቹ ያዩታል እያልኩ እጽናናለሁ፤ ግን ልቤ አያርፍም።»

እመቤቴ፣ ልብዎ ያላረፈው በምክንያት ነው፤ ላያዩት ይችላሉ። ከላይ ለነርሷ የነገርኳትን ያስታውሱ፤ ወደ አደባባይ የሚገባ አሽከርካሪ ዓይኑ ያለው በግራ በኩል ነው። ልጅዎ ከአሽከርካሪው ቀኝ መንገዱን ከጀመረ፣ አሽከርካሪው ክፍተት አገኘሁ ብሎ ሲነሣ ፊቱ ገና ወደ ግራ እንደዞረ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ አንገቱ አንድ ስለሆነ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁት ሂዱ። አደባባዩ አፍ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት መኪና የሚያስቆም ያህል ወደ ኋላ ራቅ ባለው ዜብራ ይሻገር፤ እዚያ አሽከርካሪው ገና ክፍተት አገኘሁ ብሎ አልተነሣም። መሐል ወዳለው ሐውልት በፍጹም አይሂድ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቢሄዱም። ጠርዙ ላይ ቆሞ የአሽከርካሪውን ፊት ይመልከት። ፊቱ ወደ እሱ ካልዞረ፣ መኪናው ቆሞ እንኳ ቢሆን፣ እግሩን አያንሣ። ከፊቱ የቆመ ሚኒባስ ካለም ከሚኒባሱ ጥግ ላይ ቆም ብሎ ቀጥሎ ያለውን መስመር አጮልቆ ይይ። ይህን ሦስት ጊዜ እርስዎ እያዩት ይሻገር፤ አራተኛውን እርስዎ ማዶ ቆመው ይጠብቁት።