ለሕገ መንግሥት ጥያቄሽ፦ አንድ የመሬት ክርክር ይዘሽ ተነሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በአንቀጽ እንደሸመደድሽ፣ ፈተና ላይ ግን የፌዴራሉና የክልሉ ሥልጣን እንደሚምታታብሽ ነግረሽናል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በጥብቅና ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህ ትምህርት የገባኝም በአብዛኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ልመልስልሽ።

106ቱን አንቀጽ በቃል መያዝ አይከፋም። ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈለ የሚገባሽ ግን አንድ ጉዳይ ይዘሽ ከቀበሌ እስከ አዲስ አበባ ስትከተዪው ነው። በየደረጃው ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሕጉን ማን ያወጣዋል? ማን ያስፈጽመዋል? ሲያጣላ ማን ይዳኘዋል? ሦስቱ መልሶች ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም፤ ተማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

እንበልና አንድ የእነማይ ገበሬ ከአባቱ በተላለፈለት ማሳ ከወንድሙ ጋር ተካሰሰ። በእጁ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ። አንቀጽ 40ን ስትከፍቺ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ፣ ገበሬው ግን በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ታገኛለሽ። አንቀጽ 51 መሬትን ስለመጠቀምና ስለመጠበቅ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሉ በዚያው ሕግ መሠረት መሬትን እንዲያስተዳድር ያዛል። ስለዚህ ከላይ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አለ፣ ከሥሩ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ መጨረሻ ላይ ገበሬው የያዛት ደብተር። ያቺን ደብተር አንድ ቀን በእጅሽ ይዘሽ እያት። የባለይዞታው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ አዋሳኞቹ ተጽፈውባታል፤ አንቀጽ 51ና 52 አንድ ላይ የሚሠሩት እዚያች ላይ ነው።

ክርክሩ ከወረዳ ፍርድ ቤት ይነሣል፣ በይግባኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ከተባለ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም የመጨረሻ ውሳኔን ለሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት፣ ድረስ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በዪ። አንቀጽ 80(3) በፊደል ሀ ፌዴራል ሰበር «ማንኛውንም» የመጨረሻ ውሳኔ እንዲያይ ይፈቅዳል፤ በፊደል ለ ግን በክልል ጉዳይ ላይ የሰበር ሥልጣን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። ታዲያ የክልል ጉዳይ ለሁለተኛ ሰበር አዲስ አበባ መሄድ አለበት? ምሁራን እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔ ክልሉ ራሱን እንዲያስተዳድር ከተፈለገ በራሱ ሕግ ላይ የመጨረሻው ቃልም የራሱ ፍርድ ቤት መሆን አለበት ባይ ነኝ። አንቺ ሌላ አቋም ልትይዢ ትችያለሽ፤ ሁለቱን ፊደላት ጠቅሰሽ እስከተከራከርሽ ድረስ መልስሽ መልስ ነው።

ግብር የመጣል ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈለ ደግሞ አገራችን ጎጃም ራሷ ታስተምርሻለች። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሣ። የግብር ገማች ማሳው ላይ ሲቆም ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ፈራ። ጦር ተላከ፣ ሕዝብ ተጎዳ፤ በመጨረሻ መንግሥት ወደኋላ አለ፣ ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ። አዋጁ በፓርላማ አልፎ የመጣ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ግን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፣ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለሳቸው ነበር። የተመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢኖርም የጎጃም ገበሬ እዚያ ውስጥ ራሱን አላየም። ዛሬ በአንቀጽ 97 የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልል ነው። ከ96 እስከ 99 ያሉትን አንቀጾች ይህን ታሪክ እያሰብሽ አንብቢያቸው፤ የግብር ሥልጣን ለምን እንደዚያ ተከፋፈለ የሚለውን ማንም ሳያስረዳሽ ትጠይቂያለሽ።

ሌላ ቀን ደግሞ ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ፤ ግልጽ ችሎት ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ጠዋት የፍቺ ጉዳይ ይታያል፤ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ቀጥሎ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሕጉ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ዳኛው ግን የክልል። ከሰዓት የነፍስ ግድያ ክስ ይሰማል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ፌዴራል ነው፣ ፍርድ ቤቱ አሁንም የክልል። በዚህ ላይ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይዞ ይሠራል። ሕግ የማውጣት ሥልጣንና የመዳኘት ሥልጣን ተለያይተው እንደሚሄዱ ይህን ካየሽ በኋላ አይጠፋሽም።

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚያልፉት፣ ጎጃም ውስጥ ግን እግርሽ ሥር ያለ ነገር አለ። የምሥራቅ ጎጃም ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። እንጅባራ ስትደርሺ ግን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው፤ መሠረቱ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ነው። ሁለቱም «ዞን» ይባላሉ፣ ሥልጣናቸው ግን አይገናኝም። የክልሉን ሕገ መንግሥት ሳታነቢ የፌዴራሉን ብቻ ይዘሽ ይህን መመለስ አትችዪም።

የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ነገር ባጭሩ፦ የሕዝብ ተወካዮች ሕግ ያወጣል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመደበኛ ሕግ ማውጣት አይሳተፍም። ሕግ አብሮ እንደሚያወጣው የአሜሪካ ሴኔት አድርገሽ እንዳታስቢው። ዋናው ሥራው በአንቀጽ 62 ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ፕሬዚዳንቱም ሕግ መሻር አይችሉም፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ይጸናል።

የሕገ መንግሥት ትርጉሙ ላይ ግን ጊዜ ስጪ። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን ይመረምራል። ትርጉም አያስፈልገውም ካለ ይመልሰዋል፣ ያስፈልገዋል ካለ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ይወስናል። ይህን ይዘው ብዙ ዳኞች «ሕገ መንግሥት የኛ ሥራ አይደለም» ይላሉ። ይህን ስሰማ ያመኛል። አንቀጽ 13(1) በየደረጃው ያሉ የዳኝነት አካላት መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለባቸው በግልጽ ይናገራል። ክርክር ያስነሣ ትርጉም ወደ ጉባኤው ይላክ፤ ግልጽ የሆነን መብት ግን የወረዳ ዳኛም ማስከበር አለበት። ያለ ጠበቃ የቆመ ተከሳሽ መብቱን ከዚያው ዳኛ ካላገኘ ከማን ያገኛል?

ስታነቢ ከአማርኛው ቅጂ አትለዪ፤ በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው እሱ ነው። ከ50 እስከ 52፣ ከዚያ 55፣ 62፣ 78 እስከ 84 በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። ማሻሻያውን፣ 104ና 105ን፣ ለመጨረሻ አቆዪው።

የክልሉ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ቅጂ ካላገኘሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። የፍቺውን ጉዳይ በሦስቱ ጥያቄዎች ሠርተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ሌሎቻችንም እናርምልሽ።