የሽንት ቤት ቦቴ ሽንኩርት ማሳ ላይ ቢደፋ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም አመርታለሁ። ከተማ ውስጥ ሽንት ቤት የሚመጥ ቦቴ ያለው ልጅ እየመጣ ማሳህ ላይ በነፃ ልድፋልህ ማዳበሪያ ነው ይለኛል፣ ዩሪያ ደሞ ተወዷል፣ ጎረቤቴም አስደፍቶ ሽንኩርቱ ለምለም ሆኖ አየሁ። ባለቤቴ ግን ልጆቻችን እዛው ማሳ ላይ ነው የሚውሉት ብላ እምቢ አለች። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ወንድሜ ባለቤትህ ትክክል ናት። ልጁም አልዋሸም፣ ናይትሮጂንም ፎስፈረስም አለው፣ የጎረቤትህ ሽንኩርት የለመለመው ለዛ ነው፣ ችግሩ አብሮት የሚመጣው ነገር ነው። በተለይ የወስፋት እንቁላል። በአይን አይታይም፣ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፣ ሽንኩርት ደሞ እዛው አፈር ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ልጆቹ ሲኮተኩቱ ሲነቅሉ ጥፍራቸው ስር ይገባል፣ ከዛ እጅ ሳይታጠቡ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ በቃ ሆዳቸው ገባ ማለት ነው። ቲማቲሙንማ ጥሬውን ነው የምንበላው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ፣ ኮሶ። ኮሶ ያለበት ሰው ሰገራ ሳር ላይ ከፈሰሰና ከብት ከጋጠው ትሉ ከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ እኛ ደሞ ጥሬ ሥጋና ክትፎ ወዳጆች ነን፣ ተመልሶ እኛው ጋ ይመጣል። ማሳህ ዳር ከብት የምታሰማራ ከሆነ ይሄን አስብበት።

ታዲያ ይጣል ወይ? አይጣል፣ ጊዜ ይሰጠው ነው የምለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት፣ ከ20 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ ደሞ ከ1 ዓመት በላይ አዲስ ሳይጨመርበት ይቀመጥ ይላል። የመቂ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እኔ ብሆን 2 ዓመቱን ነው የምይዘው። ከዛም በኋላ ቢሆን ለበቆሎ ወይ ለፍራፍሬ ዛፍ እንጂ ለሽንኩርትና ለቲማቲም አላደርገውም። የሚቀመጥበት ቦታ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዙ ራቅ ይበል፣ የመቂ ወንዝ ዝዋይ ሀይቅ ነው የሚገባው፣ ከሀይቁ ደሞ የሚጠጣ ሕዝብ አለ።

ግን ይሄ አንተ ብቻህን የምትሸከመው ነገር አይደለም፣ ቦቴው የሚደፋበት ቦታ ስለሌለው እኮ ነው ማሳ ማሳ የሚዞረው። ለትንሽ ከተማ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፣ ዝቃጩ በፀሐይ የሚደርቅበት የአሸዋ መደብና የሚወጣው ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ የሚጠራባቸው ተከታታይ ኩሬዎች ይበቃሉ። የወስፋት እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ ስር ይዘቅጣል፣ ጥልቀት የሌለው የመጨረሻው ኩሬ ላይ ደሞ ፀሐዩ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ መብራትም አይፈልግም። አዲስ አበባ እንኳ ቃሊቲ ላይ ለብዙ ዓመት የሰራችው በኩሬ ነበር። መሬት ግን ይፈልጋል፣ ስለዚ ገበሬዎቹ አንድ ላይ ሆናችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ቦታ ጠይቁ።

ለጎረቤትህ ዛሬውኑ ንገረው። ሽንኩርቱን ሲያነሳ ልጆቹን ማሳው ውስጥ እንዳያስገባ፣ እሱም ቦቲና ጓንት ያድርግ፣ በሚቀጥለው ወቅት እዛ መሬት ላይ በቆሎ ይዝራበት፣ ልጆቹ ሆዳቸውን ካመማቸው ደሞ ጤና ጣቢያ ወስዶ ያስመርምራቸው፣ የወስፋት መድኃኒት ቀላል ነው።