ጋዝ ናፍጣ ሲሆን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋዝን ወደ ፈሳሽ ነዳጅ መቀየር ሲባል በመርከብ ከሚጫነው ፈሳሽ ጋዝ በምን ይለያል?

መልስ፦ በመርከብ የሚጫነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ሚቴን ነው፤ ሲሞቅ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። እኛ የምናወራው ሞለኪውሉ ራሱ ፈርሶ እንደገና ስለሚገነባበት ሥራ ነው። የሚወጣው ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ በተራ ቦቴ ይጓዛል።

ጥያቄ፦ ዘዴው መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ታዲያ ትልልቅ ፋብሪካዎቹ ለምን በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ?

መልስ፦ ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ ጀርመን ውስጥ መንገዱን ያገኙት በ1925 ነው፤ ኬሚስትሪው ምስጢር አይደለም። ሚቴን ከኦክስጅንና ከእንፋሎት ጋር 1,000 ዲግሪ አካባቢ ሲገናኝ ሲንጋዝ፣ ማለትም የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጅን ድብልቅ ይሆናል። ይህ ከ200 እስከ 240 ዲግሪ በሚሞቅ ሪአክተር (ለውጡ የሚካሄድበት ጋን) ውስጥ፣ ከ20 እስከ 30 ባር ግፊት፣ በኮባልት ካታሊስት (ለውጡን በሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ሰም ይወጣል። ሰሙ በሃይድሮጅን ተሰባብሮ ናፍጣና ኬሮሲን ይሆናል።

ገንዘቡን የሚበላው ሲንጋዙ ነው፤ ከኦክስጅን ማምረቻው ጋር የግንባታውን ግማሽ ያህል ወጪ ይወስዳል። ማምረቻው ደግሞ አደገኛ ነው። ማሌዥያ ቢንቱሉ የሚገኘው የሼል ፋብሪካ በ1997 መጨረሻ የፈነዳው የደን ቃጠሎ ጭስ ብናኝ ከአየር ጋር ገብቶ ፈሳሽ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ስለተጠራቀመ ነበር።

መሐንዲሶችን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሙቀት ነው። አንድ ሞል (28 ግራም ገደማ) ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲለወጥ 165 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። ሙቀቱ ቶሎ ካልተወገደ በሰም ፋንታ ሚቴን ይፈጠራል፤ በብዙ ወጪ ያፈረሱት ጋዝ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ካታሊስቱም ይሞታል። ኩባንያዎቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሼል ኳታር ባለው ፐርል ፋብሪካ 24 ሪአክተሮች ተክሏል፤ እያንዳንዱ 1,200 ቶን ሲመዝን በውስጡ ካታሊስት የታጨቀባቸው 29,000 ገደማ ቱቦዎች በውሃ ተከበዋል። በቀን 140,000 በርሜል ያወጣል። የደቡብ አፍሪካው ኩባንያ ሳሶል ደግሞ እዚያው ኳታር ባለው ኦሪክስ ፋብሪካ የካታሊስቱን ዱቄት በቀለጠ ሰም ውስጥ አንሳፎ ጋዙን ከሥር ይነፋበታል። ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል፤ ነገር ግን የደቀቀው ዱቄት ከሰሙ ጋር አብሮ ይወጣል። ኦሪክስም በመጀመሪያ ጊዜው ያስቸገረው ይኸው ነበር።

በዚያ ላይ ከጋዙ ጉልበት 40 በመቶ ገደማው በመንገድ ይቀራል፤ ለአንድ በርሜል 10,000 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ጋዝ ይሄዳል። የሺህ ኪዩቢክ ጫማ ዋጋ 4 ዶላር ከሆነ ጋዙ ብቻ በበርሜል 40 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ከነዳጅ ጉድጓድ ላይ በከንቱ የሚቃጠለውን ጋዝ ናፍጣ የሚያደርግ በኮንቴይነር የሚመጣ ፋብሪካ ልንገዛ ነው። ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ፊርማው ግን ይቆይ። መጀመሪያ የጋዝዎን ናሙና ያስመርምሩ። ኮባልት ድኝን አይችልም፤ ሲንጋዙ ውስጥ የሚቀረው ከቢሊዮን በጥቂት እጅ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ ድኙን የሚይዘው የዚንክ ኦክሳይድ ማጣሪያ መጠንና የሚለወጥበት ጊዜ በጽሑፍ ይሰጥዎት። ፕሮፔንና ቡቴን ከበዙ ቅድመ ሪፎርመር (እነዚህን ከባድ ጋዞች አስቀድሞ የሚሰብር ክፍል) ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሲንጋዙ የሚሠራበት የኒኬል ካታሊስት ጥላሸት ይይዛል። የጋዙ ፍሰት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ይንገሯቸው።

ሻጩ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራውን አይቀበሉ፤ ያው መጠን ያለው መሣሪያ ሳይቋረጥ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጠይቁ። ቬሎሲስ የተባለው ኩባንያ በቀጫጭን ቦዮች የሚሠራ ሪአክተሩን ኦክላሆማ ውስጥ ተክሎ በ2017 ማምረት ተጀምሮ ነበር፤ በ2018 የአንዱ ሪአክተር ማቀዝቀዣ አፈሰሰና ፋብሪካው ቆመ።

የሚወጣው በእርግጥ ናፍጣ ነው ወይስ ሰም? ብዙ ትንንሽ መሣሪያዎች ሰሙን የሚሰብረውን ክፍል አያካትቱም። ለአንድ ቶን ምርት ከአንድ ቶን በላይ አሲድና አልኮል ያለበት ውሃም ይወጣል፤ ብረት ስለሚበላ የት እንደሚጣራ አስቀድመው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ይህን ናፍጣ አሮጌ መኪና ላይ መሙላት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የሴቴን ቁጥሩ (ሞተር ውስጥ በቀላሉ የመቀጣጠሉ መለኪያ) ከ70 በላይ ነው፤ ድኝ የለውም ማለት ይቻላል። ቀለል ስለሚል (በሊትር 0.78 ኪሎ ገደማ) ሊትሩ የሚያስኬደው ርቀት ትንሽ ይቀንሳል። ፖምፓውን የሚያለሰልስ ተጨማሪ እንዳለበት ያረጋግጡ፤ ኢኤን 15940 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ ያሟላ ከሆነ ይበቃል። በተራ ናፍጣ ለዓመታት ያበጡ የጎማ ማኅተሞች ሊኮማተሩና ሊያፈሱ ስለሚችሉ፣ ከመጀመሪያው ሙሌት በኋላ ፖምፓው ዙሪያ እርጥበት ካዩ ማኅተሞቹን ያስቀይሩ።